ቀዩን ማስጠንቀቂያ ለሸፈነው ፎቶግራፍዎ የቀረበ ምስጋና

ለሊናባን ወደብ የጉዞ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ለክቡር ፕላሲዶ ሳንቲሊያን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ መላ ሰውነትዎ ጤና፣ እንቅልፍዎ ጣፋጭ፣ በተለይም በብዙ ድካም የሚንከባከቡት የፊትዎ ቆዳ ከፀሐይና ከጨዋማው ነፋስ የተጠበቀ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በወደቡ መግቢያ፣ በዓሣ ገበያው በር፣ በአምቡላንሱ ጎንና በሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለተሰቀሉት ፎቶግራፎችዎ ሁሉ አክብሮት የተሞላ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እኔ ሄርሚኒዮ ላባስታን እባላለሁ። የጽሕፈት ቤትዎን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራሁትና ሦስት ዓመት ሙሉ የጠገንኩት ሰው ነኝ፤ አርባ አንድ ዓመት ቢሞላኝም ስሜን ለመያዝ ጊዜ አጥተው «የኮምፒውተሩ ልጅ» ሲሉኝ ስለኖሩ ምናልባት በዚያ መጠሪያ ያስታውሱኝ ይሆናል። ክቡር ጊዜዎን የምሻማው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የፊታችን ሐሙስ የፈቃድ ክፍሏ ጸሐፊ ኒምፋ ካባሉና በሰው ሞት ተጠያቂ ተብላ ዐቃቤ ሕግ ፊት ትቀርባለች። የከሰሷት እርስዎ ነዎት፤ የሐሰት ማስረጃውን ያዘጋጀሁልዎት ደግሞ እኔ ነኝ። የከተማው ሰው ሐሙስ ሳይደርስ እንዲያነበው ብዬ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በዓሣ ገበያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቦታ የተገኘው ከፎቶግራፎችዎ አንዱን በጥንቃቄ ወደ ጎን ፈቀቅ በማድረግ በመሆኑ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውበት ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ጸሐፊዎቻችን ለዓይን በማይማርክ መንገድ ይሠሩ ነበር፤ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ለብቻው ከፍተው ያነቡና ወደ እኛ ፕሮግራም ተመልሰው ለጀልባው የመውጫ ፈቃድ ይሰጡ ነበር። በተሾሙ በሁለተኛው ሳምንት ይህ አልዋጥልዎ አለ። «የሌላ መሥሪያ ቤት ገጽ በእኔ ቢሮ ለምን ይከፈታል? እኛ ውስጥ አስገባውና የኛ ይምሰል» አሉኝ። ነገሩ በራሱ ክፋት አልነበረበትም፤ በፕሮግራም መስኮት ውስጥ ሌላ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ድረ ገጽን እዚያው ማሳየት በየአገሩ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ የጎረቤትን ግቢ ከራስ ሳሎን ሆኖ እንደማየት ማለት ነው። እኔም ሠራሁት። ከዚያ በኋላ ግን የድረ ገጹ አድራሻ የሚታይበት መስመር «የሰው ስም ያስተዋውቃል» ተብሎ ወጣ፤ ገጹ የሚታደስበት ምልክት «ትርፍ ነገር» ተብሎ ወጣ፤ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትተው ዘንግም «ጠባሳ ይመስላል» ስላሉ ቆለፍኩት። እንዲህ ተደርጎ ጸሐፊዋ ማየት የምትችለው እኛ የፈቀድንላትን ቁራጭ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ባዶ ቦታን ስለማይወድ ተፈጥሮዎ አመሰግናለሁ። ድረ ገጹ ከካርታው ራስ ላይ እንደ ጥብጣብ አግድም የተዘረጋ አንድ ነጭ ሰቅ ነበረው። ሰማዩ ሰላም በሆነ ቀን ሰቁ ባዶ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ግን ቀይ ይሆንና ትንንሽ ጀልባዎች ከወደብ እንዳይወጡ የሚከለክለው ጽሑፍ ይወጣበታል። የዘንድሮው የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ፀሐይዋ ድምቅ ባለችበት ቀን፣ ወደ ፈቃድ ክፍሉ ገቡና ጣትዎን ሰቁ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ለምን ባዶውን ይቀመጣል? የኔን ፎቶ እዚህ አድርግ፤ ከጎኑ ‘እንኳን አደረሳችሁ’ ብለህ ጻፍበት» አሉኝ። «ሰር፣ አንዳንድ ቀን ጽሑፍ የሚወጣበት ቦታ ነው» አልኩ። ድምፄ ምን ያህል አንሶ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። «አንዳንድ ቀን ለሚወጣ ነገር ብለህ ሁልጊዜ ባዶ ታደርጋለህ? እኔ እኮ ሁልጊዜ አለሁ!» ብለው ሳቁ፤ ምክትሎችዎም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያም ፎቶዎን በሰቁ ላይ ደረብኩት። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ መመሪያ ቁጥር አሥራ አራት አመሰግናለሁ። በፕሮግራማችን ላይ ያልታየ ማናቸውም መረጃ ለፈቃድ ውሳኔ መሠረት እንደማይሆን፣ በሥራ ሰዓት ስልክ አውጥቶ የአየር ሁኔታ ያየ ሠራተኛ እንደሚቀጣ፣ ፈቃድ ወጥቶለት ሳይሄድ የቀረ ጀልበኛም ለአንድ ሳምንት ከተራ እንደሚወጣ በገዛ እጅዎ ፈርመዋል። ፊርማዎ ያምራል።

አራተኛ፣ ስለ በዓሉ ዋዜማ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ስለምረዝም ይታገሡኝ። ቀዩ ማስጠንቀቂያ የወጣው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኤሌውቴሪዮ ማግሂላስ፣ ትልቅ ትንሹ በአክብሮት «ኖንግ ቴርዮ» የሚላቸው የስልሳ ሦስት ዓመት ጀልበኛ፣ ወደ ኒምፋ መስኮት መጡ። ወደ ካንሳጋ ደሴት ተሻግረው ለእርስዎ መድረክ የተጠሩትን አሥራ አራት ጡሩንባ ነፊዎች እንዲያመጡ ታዘው ነበር። በተራ ቆመው የሰሙ ሦስት ሰዎች ያሉትን ነግረውኛል።

«ኒምፋ ልጄ፣ ይሄ ደመና አላማረኝም። ያ የምትሰግዱለት ሣጥን ምን ይላል?» አሉ ኖንግ ቴርዮ።

«ኖንግ፣ እኅቴ ከካንሳጋ መልእክት ልካልኛለች፤ ቀይ ወጥቷል ትላለች። ሣጥኑ ግን የዳይሬክተሩን ጥርስ ነው የሚያሳየኝ፤ ቆይ ልደውልላቸው» አለች እሷ።

ደወለችልዎ፤ መመሪያዎን ጥሳ፣ ከሥራ እባረራለሁ እያለች ደወለችልዎ። እርስዎ አደባባዩ ላይ መድረኩን እያስጌጡ ነበር። «ፕሮግራሙ ላይ ቀይ አለ?» ብለው ጠየቁ። «የለም፣ ሰር፤ ግን እኅቴ...» ስትል ቀበል አድርገው «እኅትሽ ናት እንዴ የወደቡ ዳይሬክተር? ሙዚቀኞቹ ካልመጡ በማን ጡሩንባ ነው መድረክ የምወጣው? ስጪው!» አሉ። የስልኳ ድምፅ ከፍ ያለ በመሆኑ ሦስቱም ሰምተዋል። ኒምፋ ፈቃዱን ሰጠች። ኖንግ ቴርዮ ወረቀቱን ተቀብለው «በይ እንግዲህ፣ ከሩፋኤልና ከፕላሲዶ ጋር ነኝ፤ ከሁለቱ አንዱ መቼም አይጥለኝም» ብለው ቀልደውባት ብቻቸውን ወጡ። በሦስተኛው ቀን የተገኙት ከሊናባን በስተ ደቡብ፣ በረግረጉ ዛፎች ሥሮች መሐል ተጣብቀው ነው። ዓሣ አጥማጆች ሲያወጧቸው እኔ ከዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ግን እዚህ አልጽፈውም።

አምስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሰውየው ገና ባሕር ውስጥ ሳሉ፣ የበዓሉ ዕለት ጠዋት አስጠርተው «ያንን ፎቶ አንሳው፤ ከዚያ ስክሪኑን ፎቶ አንስተህ አምጣልኝ፤ ቀኑና ሰዓቱ እንዳይታይ ቁረጠው» አሉኝ። ማዕበሉ ገና ስላልበረደ ሰቁ እንደ ቀላ ነበር። አነሳሁ፤ ቆረጥኩ፤ አመጣሁልዎ። ያ ምስል አሁን በሪፖርትዎ ላይ ተያይዟል፤ ከሥሩም ማስጠንቀቂያው በጉልህ እየታየ ጸሐፊዋ በቸልተኝነት ፈቃድ እንደሰጠች ተጽፏል። የስድስት ዓመት ልጅ ያላት ሴት እስር ቤት ልትገባ የተዘጋጀው በእኔ መቀስ ነው። ለቀብሩ የላኩት የአበባ ጉንጉንም ደርሷል፤ በጥብጣቡ ላይ የእርስዎ ስም ከሟቹ ስም በሦስት ጣት ስለሚበልጥ ለቀስተኛው ሁሉ የሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሬሳ ሳጥኑን መመልከት ነበረበት።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ስድስተኛው የእርስዎ አይደለምና። ፎቶዎን የለጠፍኩ ዕለት ኒምፋ ወደ እኔ መጥታ «ሄርሚ፣ ቀዩ አሁን በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ከፎቶው ሥር ይወጣልሻል፤ አትጨነቂ» አልኳት። አልሞከርኩትም። ገጹ ወደ ታች ይገፋል ብዬ ገመትኩ፤ እንዳይገፋ የቆለፍኩት ራሴ መሆኔን እንኳ አላሰብኩም። የእርስዎን ቁጣ ፈርቼ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶብኝ፣ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ዘለልኩ። እርስዎን ስሳደብ ሰንብቼ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። እርስዎ የማያውቁትን አጠፉ፤ እኔ የማውቀውን። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ እበልጣለሁ፤ ቢከፋዎትም እውነት ነው።

ለዚህም ሲባል ባለፈው ሰኞ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄጄ የእምነት ቃሌን ሰጥቻለሁ። በፕሮግራሙ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በቀንና በሰዓት እንደሚመዘገብ ነግሬዎት አላውቅም፤ ጠይቀውኝም አያውቁም፤ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ፎቶው ጥራት ነበርና። ፎቶዎ የገባበት ደቂቃ አለ፤ የወጣበት ደቂቃም አለ፤ በሁለቱ መሐል ደግሞ የአንድ ሰው ሞት አለ። ያልተቆረጠውን የስክሪን ምስልም ከነቀኑ አስረክቤያለሁ። የዐቃቤ ሕጉ ጸሐፊ «ይህን ከፈረምክ ራስህን ነው የምትከሰው» ብሎ በወረቀቱ ራስ ላይ የታተመውን ማስጠንቀቂያ አሳየኝ፤ ማስጠንቀቂያውም ምንም ነገር ስላልሸፈነው በደንብ አነበብኩትና ፈረምኩ። ኒምፋን በተመለከተ ዐቃቤ ሕጉ ቁርጡን አልነገረኝም፤ ሐሙስ እንወስናለን ብሏል። ስለዚህ ሐሙስ እስኪደርስ ምስክሮቹን እንዳያስፈራሩ፣ ለሦስቱም ሰዎች ቤት ፍራፍሬ የተሞላ ቅርጫት እንዳይልኩ፣ ኒምፋንም «ጥፋቱን ተቀበይና በዝቅተኛ ቅጣት እናስጨርስልሽ» ብለው ሰው እንዳይልኩባት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ትናንት የላኩትን ሰው ቤቷ ቁጭ ብዬ ያስተናገድኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰላም ብሎዎታል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ስለሰጡኝ አመራር፣ ስለ ሳቅዎ፣ የሰው ነፍስ የሚያህል ቦታ ለፊትዎ እንዲበቃ ስላደረጉበት ጥበብ ደጋግሜ እጅ እየነሳሁ፣ ሥልጣንዎ ሐሙስ ከቀትር በፊት እንዲያልቅ የምመኝ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ከሚገባው በላይ ታዛዥ የነበርኩ፣

ሄርሚኒዮ ላባስታን
የፕሮግራም ባለሙያ፣ ሊናባን

ማስታወሻ፦ በነዳጅ መቅጃው ዳር ያለችውን አሮጌ ኮምፒውተር ረስተዋታል። የመስመሯ ገመድ በዋዜማው ጠዋት ማዕበሉ ስለበጠሰው ፎቶዎን ያነሳሁበት ለውጥ አልደረሳትም፤ ድረ ገጹም በዚያችው ሰዓት ላይ ቆሞ ቀርቷል። ትናንት የዐቃቤ ሕጉ ሰዎች ፈርመው ሳይወስዷት በፊት ሁላችን በአክብሮት ማናንግ የምንላቸው የሟቹ ባለቤት ሶፍሮኒያ እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ፎቶዎን ከፊታቸው ገለጥኩት፤ ከሥሩ ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። ቀስ ብለው አነበቡት። «ከዚህ ሰውዬ ፊት ሥር ነበር የተጻፈው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «የለጠፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከኮምፒውተሯ ወደ እኔ ዞር አሉና «እኔ ሐሙስ ከኒምፋ ጎን ነው የምቀመጠው፤ አንተ ሂድና ከሱ ጎን ተቀመጥ» አሉኝ። ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ ከጎንዎ አንድ ወንበር እንዲያስይዙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።