መብራት የመጣ ዕለት

ለምወድሽ እህቴ ለሥራነሽ፣

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚያምሽ ቀለል አለልሽ ወይ? እግሬ እያበጠ አስቸገረኝ ያልሽውንስ ሐኪም አየልሽ? የመዳምሽ ልጆች አደጉ? ቤሩት ዝናቡ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ወፍራም ነገር ደርቢ፣ በባዶ እግርሽ በረንዳ አትጠቢ። እዚህ ክረምቱ ከበድ ብሎ ከርሞ አሁን ሰማዩ ጠርቷል። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ቡሬዋ ላምም ወልዳለች። ቀጥሎ «እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» የሚለው ይመጣ ነበር። እጄ ለምዶ ሊጽፈው ሲል ያዝሁት።

ሥራነሽ፣ ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አታንብቢው። ደብዳቤውን በወለተ ኪዳን እጅ የላክሁት ለዚህ ነው። ለመስቀል መጥታ ስትመለስ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የአገር ልጆች በተሰበሰባችሁበት ካልሆነ እንዳትሰጥሽ አስምዬ ነው ያስያዝኋት። አሁን አጠገብሽ ካለች እጇን ያዢ። ከሌለች ወረቀቱን አጥፈሽ አስቀምጪውና መጀመሪያ ሰው ፈልጊ።

መርዶ በወረቀት እንደማይላክ ጠፍቶኝ አይደለም። በጠዋት፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ዘመድ ደጅ ቆሞ ነው የሚነገረው፤ የአባታችንንም የሰማነው እንደዚያ ነበር። መዳምሽ ስልክ ስለማታስነካሽ ግን እኔ ከወረቀት ሌላ አንቺ ዘንድ የሚያደርሰኝ መንገድ የለኝም። ልጅሽ እስከዳር ዐርፋለች። መጋቢት ዐሥራ አምስት ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ሞታለች። የተቀበረችው ኪዳነ ምሕረት ግቢ ከአባታችን አጠገብ ነው።

«ታዲያ በሰኔና በነሐሴ የጻፈችልኝ ማን ናት?» ትያለሽ። እኔ ነኝ። አጎታችን ገዳሙ ዘመዱን ሰብስቦ «በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትስማ፣ እስክትመጣ ይቆያት» ሲል ሁሉም ተስማማ፤ እናታችንም ዝም አለች። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ግን መልስ አስፈለገው። ደብተሯን አውጥቼ የእጅ ጽሑፏን ተለማመድሁ። ፊደሎቿን ወደ ግራ ታዘም ነበር፤ አዘመምሁ። ከዳር በኩል አበባ ትሥል ነበር፤ ሣልሁ። የመጀመሪያውን ስጽፍ እያለቀስሁ ነው። ሁለተኛውን ስጽፍ ግን አልከበደኝም፤ የሚያስፈራኝም ይኼ ነው። «ጋሼ፣ አንደኛ ወጣሁ በላት፣ ጸጉሬን ሹሩባ ተሠራሁ በላት» እያለች ጀርባዬ ላይ ቆማ የምታጽፈኝ ይመስለኝ ነበር። ዞር ብዬ ያየሁበትም ጊዜ አለ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «የልጄን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስመር ሳላስይዝ አልመጣም፣ የገና በዓል ሳይገባ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ» ብለሽ ጻፍሽ። ይህን ይዤ ወደ አጎታችን ሄድሁና አሁንስ እንንገራት አልሁት። «ትፈርም፣ እስከዚያ ሐዘኑ ይበርዳል» አለኝ። ሐዘኑ የሚበርደው ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ ግን ለሌለች ልጅ ብለሽ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርጊ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። ስለዚህ ሳልነግረው እየጻፍሁልሽ ነው፤ ሲሰማ ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ።

አሁን እንዴት እንደሆነች ልንገርሽ። ሌላው ሰው «ኤሌክትሪክ ያዛት» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከእኔ ክፍል ነው።

አምና በኅዳር ለትምህርት ቤታችን ዘጠኝ አሮጌ ኮምፒዩተሮች መጡ። እኛ ዘንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ማለት አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው፤ ውስጡ አንድ ማግኔትና ሁለት የተቃጠሉ አምፖሎች አሉ። ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ኖሬ ሽቦውንም አምፖሉንም በጠመኔ ነበር የማበራው። በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ግን ሙከራው ራሱ ተቀምጧል። ባትሪ ድንጋዩን፣ ሽቦውን፣ አምፖሉንና ማብሪያ ማጥፊያውን በማውዝ እየጎተትሽ ትገጣጥሚያለሽ። በትክክል ከገጠመ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ በሽቦው ውስጥም ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተከታትለው ሲሄዱ ይታያሉ። ማጥፊያውን ስትጫኚ ነጠብጣቦቹ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ባትሪውን ካበዛሽበት እሳት ይነሣል፤ ያን ጊዜ ክብ ቀስት ያለባትን ምልክት ትነኪያለሽ፣ ሁሉም እንዳልነበረ ሆኖ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ወዳጄ፣ እንዴት እንደተኩራራሁ! ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ልጆች የሚማሩበት ፕላዝማ ውስጥ ያለው መምህር ገባቸው አልገባቸው ሳይል ሲሮጥ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ይኼኛው ግን ልጁን ይጠብቀዋል፣ ሲሳሳት አይስቅበትም፣ አሥር ጊዜ ቢጠይቁት አይሰለችም። ደብረ ማርቆስ ተጠርቼ ለመምህራን አሳይቻለሁ፤ ለዚያ ቀን ብዬ ያሰፋሁት ኮት አሁንም ተሰቅሏል፣ አልለበስሁትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ማውዙን ፈሩት። አንዱ ማሽን ፊት አምስት አምስት ሆነው ተደርድረው «አንተ ንካ፣ አንቺ ንኪ» ይባባላሉ። እኔም ፊታቸው ቆሜ «አትፍሩ! ደፍራችሁ ንኩ! እዚህ ማንም አይሞትም!» አልኋቸው። ሳቁ። እስከዳርም ሳቀች፣ ከሁሉም ቀድማ የነካችውም እሷ ናት። ይህን ቃል ልብ በዪው፤ ከእኔ አፍ የወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ከኮምፒዩተር ክፍሉ የሚያወጣት ጠፋ። አራተኛው ማሽን ላይ ቤታችንን ሠራችው። ለእናታችን ክፍል አንድ አምፖል፣ ለማድ ቤቱ አንድ፣ ለላሟ በረት አንድ፣ እያንዳንዱም የራሱ ማጥፊያ አለው። ከዳር አንድ ትርፍ አምፖል አየሁና ይኼስ የማን ነው ብላት «እማዬ ስትመጣ የምትተኛበት ነዋ» አለችኝ።

የእኛ ቤት መብራት ከጎረቤት ቆጣሪ የተሳበ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ላልቶ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ የተጠቀለለበት ፌስታልም ተቀዷል። በዚያ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቷል። እኔ ግቢ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። በርጩማ ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትገባ አየኋትና ወዴት ነው አልኋት። «ጋሼ፣ ሽቦዋን ላጥብቃት ነው። መብራት እያለማ አልነካም፤ አሁን የለም አይደል? በሽቦው የሚሄድ ነገር የለም ማለት ነው» አለችኝ። ያስተማርኋትን አንዲት ሳታጎድል መለሰችልኝ። «ጎበዝ» አልኋት። ኩራት ተሰማኝ፣ ሥራነሽ። ጎበዝ ብያት ወደ እርማቴ ተመለስሁ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሰፈር ልጆች «መጣ! መጣ!» ብለው እንደሚጮኹ አንቺም ትዝ ይልሻል፤ እኛም ጮኸን ያደግንበት ነው። ከታች ሰፈር ጀምሮ ጩኸቱ እየቀረበ መጣ። ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ስለነበር ደስ አለኝና እኔም «መጣ!» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ቀጥሎ የሰማሁት በርጩማው ሲወድቅ ነው።

በኮምፒዩተሩ ላይ ማጥፊያው በራሷ እጅ ነበር። እዚህ ግን ማጥፊያው የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ በስንት ሰዓት እንደሚመልሰው የሚያውቅ የለም። መብራት ሄደ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት እንዳልሆነ፣ ጎረቤት ሄዳ ከቆጣሪው ሳታስጠፋ መንካት እንደሌለባት አልነገርኋትም። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የባሰውን ገና አልነገርሁሽም። ጎረቤት ተጠራርቶ በደረቅ እንጨት ከሽቦው አላቀቃት። ሰዉም መብረቅ ለመታው እንደሚያደርገው «አፈር አልብሷት፣ መሬት ይስብላታል» አለ። ጓሮ ተቆፈረ፣ እርጥብ አፈር እስከ አንገቷ አለበሷት። አካፋውን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ፣ የፊዚክስ መምህሩ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል ብዬ በክፍል አስተምሬ የለ? በዚያች ሰዓት ልክ መሰለኝ። ቆይተን ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ነርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ ደረቷን የተጫነላት፣ ትንፋሽ የሰጣት ሰው አለ ወይ አለን። የለም። ቢኖርስ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው «አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ «አላውቅም» ውስጥ ነው የምኖረው።

ሽቦውን በጥሰን ጥለነዋል። እናታችን መብራት በደጄ እንዳይገባ ብላ ቤታችን በኩራዝ ነው። ግን ጩኸቱን ማን ያስቀረዋል? በቀን ሁለት ሦስቴ መብራት ሄዶ ይመጣል፣ ልጆቹም «መጣ!» ይላሉ፤ በዚያ ሰዓት እያስተማርሁ ከሆነ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ልጄ አማረ ሦስት ዓመቱ ነው። ጩኸቱን ሲሰማ የያዘውን ጥሎ ማድ ቤት ይገባና ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ይቆማል። ምን ታያለህ እለዋለሁ። ሚስቴ ሕሊና አትጠይቀው ትለኛለች።

ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ሥራውን ያስቀምጥለታል። አንድ ቀን አራተኛውን ስከፍተው ስሟ ከዝርዝሩ መካከል ተቀምጧል። ነካሁት። ቤታችን ወጣ፤ ነጠብጣቦቹም ምንም እንዳልሆነ ሰው መሄዳቸውን ቀጠሉ። የአንቺ ክፍል አምፖል በርቷል። ልጆቹ «የእስከዳር ማሽን ነው» ብለው እዚያ አይቀመጡም። ርእሰ መምህሩ አጥፋውና ነገሩ ይርገብ አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለልጆቹ አስቦ ነው። ጣቴን ለክብ ቀስቷ ምልክት አዘጋጅቼ ቆምሁና አቃተኝ። እናቷ ሳታየው አላጠፋም አልሁት።

ማስተማሩን አልተውሁም። ሥራው ያስረሳሃል ይሉኛል፣ እኔ ግን ለመርሳት አይደለም። ዘንድሮ ማሽኖቹን ከመክፈቴ በፊት ስሟን ጠርቼ የሆነውን ሁሉ፣ የእኔንም ቃል ጭምር፣ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ጭድ የሞላሁትን ማዳበሪያ ወለል ላይ አስተኝቼ ደረት አጫጫን አሳያቸዋለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ያንኑ ነርስ ለምኜ የተማርሁት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ ኋላ እየተንበረከኩ በተራ ይጫናሉ።

እታለም፣ አትፈርሚ። ነይ። ልጅሽ በሥርዓት ተቀብራለች፣ ፍትሐቱም አርባውም ተደርጓል፤ ግን ለቅሶዋ አልወጣላትም። በቀብሯ ዕለት ሙሾ አውራጇ ስትጀምር እናታችን ከለከለቻት። «የእናቷን ድርሻ አትንኩባት፣ አስቀምጡላት» አለች። ስምንት ወር ሙሉ ሰው እኛ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ አላለቀሰም። ስትመጪ ድንኳኑ እንደገና ይተከላል። ያን ጊዜ እኔን የምትይኝን ሁሉ በሰው ፊት በይኝ፤ አልሸሽም።

እናታችን ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ትሄዳለች፤ ይህን እየጻፍሁ እንደሆነ አውቃ «ትምጣልኝ በላት፣ ብቻዬን ዝም ማለት ሰለቸኝ» ብላሻለች። ሕሊና በብዙ ትስምሻለች፣ አልጋሽንም አንጥፋልሻለች። አማረ አያውቅሽም፣ ግን ስምሽን መጥራት ችሏል። አጎታችን ገዳሙ ሰላም ይልሻል ብዬ ልጻፍ፤ ምን እንደላክሁልሽ ቢያውቅ አይልም ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሁሉ እንደምን ነሽ ይሉሻል፣ መንገድ መንገድ ያያሉ።

የራሴን ሰላምታ አልላክሁልሽም። በሟች ልጅሽ ስም ሁለት ጊዜ ሰላም ብዬሽ አሁን በራሴ ስም ለማለት አፍ የለኝም። የምትመጪበትን ቀን ብቻ አስነግሪኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ብትስሚኝ እሰየው። ዘግተሽኝ ብታልፊም ሻንጣሽን አንሥቼ ከኋላሽ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ታረቀኝ
ጉንደ ወይን
ኅዳር 4 ቀን 2005 ዓ.ም.