ለልብ የሚስማማ ጨው

ጥር 9

...ባለቤቴ የድስቱን ክዳን ገለጥ አድርጋ፣ በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ቀንሳ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሰዋለች። ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። «ትንሽ ቀረው» ትላለች፤ ለእኔ ይሁን ለድስቱ አይታወቅም። እኔ ሳሎን ተቀምጬ በቀይ እስክሪብቶ የሰው መጽሐፍ አርማለሁ። የወጥ ቤቱ በር ወለል ብሎ ክፍት ነው። እዚህ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር ያ በር ሲዘጋ አላየሁም። ሽታው ቤቱን ሞላው ስላት፣ «ታዲያ ብቻዬን ላውራ?» ትለኛለች...

ለምን ትዝ አለኝ? ዛሬ ድስቱ አጠገብ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ። እንደ እሷ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩ። ተቃጠልኩ። ምን እንደቀረው አልገባኝም። ገባኝ እንጂ... ጨው ነው የቀረው። እሱ ደግሞ ክልክል ነው።

ከሾርባው ሦስት ማንኪያ ወስዳ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«አልጣመሽም?»

«ጥሟል። ጠግቤ ነው።»

ግራ ጆሮዋን ነካች። ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች። ራሷ አታውቀውም።

ጥር 12

ኩላሊቷ መድከሙ ከታወቀ ሰባት ወር ሆነ። ዶክተሩ «በምግብ ከጠበቅነው ደም የሚያጥበውን ማሽን ለብዙ ጊዜ እናርቀዋለን» ካለ ወዲህ ወጥ ቤቱ የእኔ ነው። እሷ ራሷ ናት ያስረከበችኝ። «እጄ አይታዘዝልኝም፤ ሳላውቀው ጨው ይጨምራል» አለች።

የማቀዝቀዣው በር ላይ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰጠችን ወረቀት ተለጥፏል። ጨው መቀነስ። ፖታሲየም የሚበዛበትን ሁሉ መተው፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል። ለሌላው ሰው ብላ ብላ የሚባለው ሁሉ ለእሷ ተይ ነው። ልጃችን ባለፈው እሑድ ያልተፈተገ የስንዴ ዳቦ ይዛ ስትመጣ ወረቀቱን አሳየኋት።

«ቆይ፣ ታዲያ ምን ትብላ?» አለች።

ለእኔስ ማን ነገረኝ?

ድንች እንኳ ሥርዓት አለው። ይላጣል፣ በስሱ ይከተፋል፣ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል። ውሃው ይደፋል። እንደገና። ከዚያ በብዙ ውሃ ይቀቀልና ያም ይደፋል። ፖታሲየሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል አለች ባለሙያዋ። ቆሜ ሲሄድ አያለሁ። የሚታይ ነገር የለም።

«አራሚው፣ ድንቹን አጥበህ አጥበህ ነፍሱን አወጣኸው» አለችኝ እሜቴ። ሳቅን። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ሁለት ቁራጭ በላች።

ጥር 17

ሚዛን ላይ ወጣች። በሦስት ሳምንት አራት ኪሎ ቀንሳለች። ቀሚሷን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ እንዳላይባት ሹራብ ደርባለች።

«አፌ ውስጥ ወረቀት ያለ ይመስለኛል» አለች። «ያንተ የእርማት ወረቀት።»

ደክሞኛል። ከእሷ ሕመም ይልቅ ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ማየት ነው የሚያደክመኝ። ይህን ለማንም አልናገርም። እዚህ ልጻፈው እንጂ።

ጥር 20

መድኃኒቷን ልገዛ ስሄድ መንገዱ ጥግ ላይ አዲስ ሱቅ ተከፍቷል። «ጤናማ ምግብና የወጥ ቤት ዕቃ» ይላል። ገባሁ። ለምን ገባሁ? የእንጨት መደርደሪያ፣ በየብርጭቆ ዕቃው የተሞላ ዘር፣ አጃ በየዓይነቱ፣ ሳይሞቅ የተጨመቀ ዘይት፣ በእንፋሎት የሚያበስል ባለ ሁለት ፎቅ ድስት። ሁሉም ንጹሕ። እዚያ መሐል እኔ ብቻ የዛግኩ መሰለኝ።

ባለሱቋ ወጣት ናት፤ ነጭ ሽርጥ አድርጋለች።

«ምን ፈልገው ነው አባቴ?»

«ጨው የሌለው ጨው» አልኳት። ቀልዴን ነበር።

«አለ» አለችኝ።

ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችው። ወፍራም ካርቶን፣ አረንጓዴ ልብ ተስሎበታል። «ለልብ የሚስማማ ጨው። ሶዲየሙ እጅግ የቀነሰ።» እንደ ልማዴ ቃል በቃል አየሁት። እንከን የለውም። ያረመው ሰው ጎበዝ ነው አልኩ በልቤ።

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ። ጨው ተከልክላ።»

«ግፊት?»

«እሱም አለባት።»

እዚያው ላይ ቆምኩ። ለማላውቃት ልጅ ስለ ሚስቴ ኩላሊት... አፈርኩ መሰለኝ። ምን የሚያሳፍር ነገር አለው?

«እንግዲያው ይኼ ነው የሚሆናት። እናቴም እሱን ነው የምትጠቀመው፤ ደኅና ናት፣ እየበላች ነው» አለችኝ።

እየበላች ነው። ሌላ አልሰማሁም።

ጥር 21

ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ሾርባው ላይ።

ጨረሰችው! ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ጨረሰችው።

«ምን አድርገህበት ነው?»

«እጄ እየገባ ነው» አልኩ።

ካርቶኑን ከሩዝ ጣሳው ኋላ አስቀመጥኩት። ደበቅኩት ልበል? ሠላሳ አራት ዓመት የእሷን እጅ ስበላ ኖርኩ። አንድ ጊዜ እንኳ የእኔ እጅ ቢባል ምን አለበት... ሶዲየሙን ቀንሼላታለሁ፤ ክፉ አልሠራሁም።

ጥር 28

ድንቹን በሦስት ውሃ። ከዚያ ከአዲሱ ጨው በማንኪያ። ለእንቁላሉም፣ ለጎመኑም። ከግማሽ ወደ አንድ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ጤናማ ነው ተብሏል።

በስልክ ከልጃችን ጋር ስታወራ ሰማኋት። «አባትሽ ሰው ሆኖልሻል። ቀድሞ ባውቅ ኖሮ እኔ ቢሮ ሄጄ እሱን ወጥ ቤት አስቀረው ነበር።» ሳቋ እዚህ ሳሎን ድረስ መጣ።

አንድ ኪሎ ተኩል ጨምራለች።

የካቲት 5

እግሬ ከበደኝ አለች። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። «እርጅና ነው፣ አትንጫጫ» አለችኝ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም ነበር። ፊቴ ሲንጫጫ አይታ ነው።

የካቲት 10

ጠዋት ከወንበሩ መነሣት አቃታት። ልቧ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደገና... እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ስቆጥር የእኔው ይሁን የእሷ ጠፋኝ። ልጃችን መኪና ይዛ መጣች።

ሆስፒታል። ደም ወሰዱ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ በፍጥነት ተመለሰ። ፖታሲየሟ ልብ ሊያቆም የሚችል ቁጥር ላይ ደርሷል። መርፌ፣ በደም ሥር የሚገባ ነገር፣ ደረቷ ላይ ሽቦ። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ይኼ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ምን በሉ? ሙዝ? የደረቀ ተምር?»

«ምንም አልበላሁም ልጄ።»

ልጃችን ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ነው የገባችበት። «እማዬ፣ ሕመሙ እንደታወቀ ሰሞን የሙዝ ልጣጭ ካፖርትሽ ኪስ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ከማን ነው የምትደበቂው? አባዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ድንች ሲያጥብልሽ ይውላል፣ አንቺ እንደ ሕፃን ተደብቀሽ...»

«አልበላሁም አልኩሽ።»

«እማዬ!»

ጣሪያውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም አስተያየት ነው፤ እስካሁን ላነበው አልቻልኩም።

«እሺ» አለች። «በልቻለሁ። ሙዝ ነው።»

ግራ ጆሮዋን ነካች።

የካቲት 11

ነጠላ ጫማዋንና የሌሊት ልብሷን ልወስድ ቤት መጣሁ። ሙዙን ፈለግኩ። ኪሶቿን ሁሉ፣ ፍራሹ ሥር፣ የልብስ ስፌት ሳጥኗ ውስጥ። እንዳገኝ ነው የፈለግኩት። ባገኝ እፎይ እል ነበር... አንድ ልጣጭ ቢኖር።

የለም።

ወጥ ቤት ገባሁ። እጄ በራሱ ከሩዝ ጣሳው ኋላ ሄደ። ካርቶኑን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የጉንዳን እግር የሚያክል ጽሑፍ አለ። የሥራ ዘመኔን አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አወጣሁ።

ይዘት፦ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከመቶ ስልሳ ስድስት። ከሥሩ፦ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጠቀሙ።

ድንቹን በሦስት ውሃ አጥቤ ያወጣሁትን ራሴ በማንኪያ መልሼ ነሰነስኩበት። ሃያ ቀን።

አርባ ዓመት የሰው ስህተት በቀይ ሳከብብ ኖሬአለሁ። ፊቱን አንብቤ ጀርባውን...

ጫማዋን ረስቼው ሄድኩ።

የካቲት 13

ቤት መጣች። ጨውን አቁሜአለሁ። ካርቶኑን ግን አልጣልኩትም።

ዛሬ እነግራታለሁ አልኩ። ልጃችን መጥታ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ፈተሸች። «አባዬ ላይ ነው የቀለድሽው» ትላታለች ከወዲያ። እሜቴ ሶፋው ላይ ሹራቧን ይዛ ተቀምጣለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። ነገ።

የካቲት 15

ነገ።

የካቲት 19

ሾርባውን ቀመሰች። አላማረረችም፤ ምስጢሩ የት ሄደ ብላም አልጠየቀች። ሦስት ማንኪያ።

የካቲት 24

የደም ምርመራው ወጣ። ፖታሲየሙ ወርዶ ልኩ ላይ ነው።

«አየሽ?» አለቻት ልጃችን። «ሙዙን ስትተዪ?»

ዶክተሩ ግን አልተደሰተም። «በምግብ እንጠብቀው ብለን ነበር። አልቻሉበትም፤ አልፈርድብዎትም፣ ከባድ ነው። ግን ሌላ ጊዜ ልብዎ ላይታገሥ ይችላል። ክንድዎን ለማሽኑ እናዘጋጅ።» ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው አለ፤ ደም ሥርን ከደም ሥር ማገናኘት። ቀጠሮ ካርድ ላይ ጻፈልን። መጋቢት 6።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ክንዷን እያገላበጠች ስታየው ነበር። ውስጠኛውን፣ ቆዳው የሳሳውን በኩል።

«የትኛውን ይሆን የሚቆርጡት?» አለችኝ።

«ግራውን መሰለኝ።»

ይህን ነው የመለስኩላት። ግራውን መሰለኝ።

የካቲት 26

ብነግራት ምን ይቀርብኛል? ሳህኑን በዳቦ የጠረገችበት ቀን ይቀርብኛል። «ሰው ሆኖልሻል» ያለችው። እሱን ነው ታቅፌ የተቀመጥኩት፤ በእሷ ክንድ ዋጋ።

የካቲት 29

ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ካርቶኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ። ወረፋው ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ለዶክተሩ ጫማ ገዛህለት?» ብላ ሳቀችብኝ።

ዶክተሩ ጀርባውን አነበበ። እሱ አጉሊ መነጽር አላስፈለገውም።

«ስንት ማንኪያ?»

ነገርኩት። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው ሙዝ የለም።»

«የለም።»

«ለምን በላሁ አሉ ታዲያ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው።

የመጋቢት ስድስቱን ቀጠሮ ሰረዘው። በምግቡ ይቀጥሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ደም እንመርምር፣ የምትገዛውን ሁሉ ቀድመህ አምጥተህ አሳየኝ አለ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ያየሁት በር ላይ ስደርስ ነው። ካርቶኑን እጄ ላይ መልሶልኝ ነበር።

«ለባለቤትህ ነግረሃታል?»

የካቲት 30

ቁርስ ላይ አስቀመጥኩት። ካርቶኑን፣ አጠገቡ አጉሊ መነጽሩን፣ የተሰረዘውን የቀጠሮ ካርድ። ስናገር ቆሜ ነበር። ከሱቁ ጀምሬ፣ ከሩዝ ጣሳው ኋላ፣ እስከ ትናንት። አላቋረጠችኝም።

መነጽሩን አንስታ ጀርባውን አነበበች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ከዚያ ገልብጣ ፊቱን አየች። አረንጓዴውን ልብ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

«መቼ አነበብከው?»

«በተኛሽ ማግስት።»

በጣቶቿ ቆጠረች። አንዱ እጇ አልበቃም፣ ሌላውም አልበቃም፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን» አለች። «ልጄ ሌባ እንደያዘ ሰው ቁም ሳጥኔን ስትበረብር እዚያ ጋ ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ስልኩን አምጣ።»

አመጣሁ። ደውላ ለእኔ ሰጠችኝ። ለልጃችን እኔው ነገርኳት። «እማዬን ስጠኝ» አለች በመጨረሻ፤ እያለቀሰች ነበር። እሜቴ ግን እጇን አወዛወዘች፤ በኋላ።

«ለምንድን ነው በላሁ ያልሽው?» አልኳት። «ሙዙን።»

ሳህኔን አነሣች። ሳህኗን አነሣች። ከስምንት ወር በፊት ምስማር ላይ የሰቀለችውን ሽርጥ አወረደች። ማሰሪያው ወገቧን ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ድንቹ የት ነው?»

«ተዘፍዝፏል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ልርዳሽ?»

ሳሎኑን፣ ጠረጴዛውን፣ እኔን፣ ቀዩን እስክሪብቶ አየች። ጆሮዋን አልነካችም።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

ወጥ ቤት ገባች። ውሃው ሲደፋ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ሲጢጥ አለ፤ እብጥ ብሎ ወለሉን እየፋቀ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያልተንቀሳቀሰበትን መንገድ እየተንፏቀቀ መጣና ተዘጋ።