ሩቂያ ካንቺ ጋር ትቆይ

ቡታጅራ፣ ሰኔ 1964 ዓ.ም.

እንደ እህቴ የማይሽ ብርሃኔ፣

ሩቂያን ይዘሽ ወፍጮ ቤት ስትሄጂ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ድንገት መጣብኝ ልልሽ ነበር። ውሸት ነው፤ መምጫውን አውቅ ነበር። ዓይኗን እያየሁ መሄድ አቅቶኝ ነው።

ትናንት «ልጅ ተጥሎ ይኬዳል ወይ?» ስትይኝ ተቆጥቼ የተነሳሁት እውነትሽን ስለሆነ ነው። ሸምሶ ከጂዳ በላከው የጥሪ ወረቀት ላይ ያለሁት እኔ ሚስቱ ብቻ ነኝ። መውለዴን ጽፌለት እንኳ የልጅቷን ስም አላስገባም። ፓስፖርት የሚሰጠውን ጸሐፊ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።

«እሷን አባቷ ኋላ ይጥራት» አለኝ። «አሁን ካልሄድሽ ቪዛው ጊዜው ያልፍበታል። ከቃዲው የጋብቻ ወረቀት ጀምረሽ እንደ አዲስ ትደክሚያለሽ።»

ያንን ደጅ ጥናት አብረሽኝ አይተሻል። እንደገና አልችልም፣ ብርሃኔ።

እናቴ ከመንደሯ ከቆሼ ለገበያ ስትመጣ ትወስዳታለች። እስከዚያ አቅፈሻት ተኚ፤ ብቻዋን ትፈራለች። ቆጮ ያለ ጎመን አትበላም። ካሳላት ጥቁር አዝሙድ በማር አድርጊላት። ሥጋ ካማራት፣ እንደኛው እስላም ናትና ጎረቤታችን ሃሊማ ቤት ውሰጃት፤ ይህንንስ ሳልነግርሽም ታደርጊዋለሽ።

አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ነው።

«እማ የት ሄደች?» ካለችሽ፣ አባትሽ ጋ በያት። ቶሎ ትመጣለች ግን አትበያት። አባቷ እንደዚያ ብሎኝ ሄዶ፣ ስንት ዘመን በር በሩን ሳይ እንደኖርኩ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሳሌሃ