የዘይነባ ሂና

ማክሰኞ፣ ጥር 20፣ ገንዳ ውሃ

በወሩ መጀመሪያ የተዳረችው ዘይነባ ዛሬ ያነሳሁላትን የሠርግ ፎቶ ልታይ መጣች። ላፕቶፑን ስከፍትላት ፎቶው ላይ እጇን አየችና ወደኔ ዞረች። በሠርጉ ዕለት በካሜራዬ የጀርባ ስክሪን ያሳየኋት ሂና ጥቁር ቀይ ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ደብዝዟል።

«አንቺ፣ አክስቴ ስትቀባኝ የዋለችውን ሂና አጠብሽው እንዴ?»

ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ደነገጠ። በፎቶ አንሺነት ከተመረቅኩ ወዲህ ያነሳሁት የመጀመሪያ ሠርግ ነው፤ እሷ ከከፋት ሌላ ሙሽራ አይጠራኝም። ካሜራው ሲያሳይ ቀለሙን ራሱ አሳምሮ ነው፤ እኔ የከፈትኩት ግን ቀለሙ ገና ያልተነካውን ጥሬ ፎቶ፣ ሮው ፋይሉን ነው። ቀዩን ብጨምርበት ፊቷም አብሮ ቀላ።

«በርበሬ አስመሰልሽኝ» አለች።

ካሜራውን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጬ ሁለቱን እያስተያየሁ ብዙ ለፋሁ። በኋላ ፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ውስጥ የካሜራውን የራሱን የቀለም ምርጫ አገኘሁትና ነካሁት። ሂናው ተመለሰ።

ዘይነባ እጇን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። የእጇ ሂና ለቅቆ፣ ቅድም የጠላችውን ፎቶ መስሏል።

«እውነተኛው የቱ ነው ታዲያ?» አልኳት።

«የሠርጌን ቀን ስጪኝ። የዛሬውንማ በእጄ ይዤዋለሁ።»

እሷ ደስ ብሏት ሄደች። ፎቶው ውስጥ ፊቷ ላይ ግን ካሜራው ያሳየው የቀለም ሙቀት አሁንም ትንሽ ይጎድላል። እሷ አላየችውም፤ እኔ ግን አየሁት…