ንፍሮ ያየች እንክብል

ኮልፌ 18 ማዞሪያ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለናፍቆቴ፣ ለእናቴ፤

ከመነኮስሽ ወዲህ «እማሆይ» ማለት አልለመድ ብሎኛል፤ እዚህ ወረቀት ላይ እማዬ ነሽ። ገዳማችሁ ስልክ ስለሌለ ለኅዳር ጽዮን በሚመጡት በእትዬ የኔነሽ እጅ ልኬልሻለሁ።

አባዬ «አትንገሪያት» ብሎኝ ነበር። ከክረምት ጀምሮ ሲጸዳዳ ደም ያያል። አያቴን፣ የእሱን አባት፣ የአንጀት ነቀርሳ እንደገደለው ታውቂያለሽ። ሐኪሙ አንጀቱ በቱቦ ይታይ ቢለው «በስተርጅና፣ በዚያ በኩል?» ብሎ ጥሎ ወጣ።

ከተመረቅኩ ጀምሮ በነጻ በማገለግልበት ሆስፒታል ደግሞ ካሜራ ያላቸው እንክብሎች ለሙከራ መጡ። ትዋጣለች፣ አንጀት ውስጥ እየሄደች ፎቶ ታነሳለች፣ ወገብ ላይ ወደታሰረ መሣሪያ ትልካለች። ስንቱን ለምኜ አንዷን አገኘሁለት! «ይቺንማ እውጣታለሁ» አለ። በዋዜማው እህል እንዳይቀምስ፣ አንጀት የሚጠርገውን መድኃኒትም እንዲጠጣ ብቻ ነበር የተነገረው።

በዚያው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ቀጄላ አረፉ። አባዬን፣ የእድሩን ዳኛ፣ ለቅሶ አትሂድ አይባል። «ምንም እንዳትቀምስ» አልኩት። «ልጅ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ ዋጠ። አመሻሽ ላይ ዶክተር ራዕይ ፎቶዎቹን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜያለሁ። ስንዴ። ሽምብራ። ደግሞ ስንዴ።

«ጋሽ ፍቅረማርያም፣ ምን በልተው ነው?»

«ትንሽ ንፍሮ ነች። እፍኝ አትሞላም።»

«አባዬ! መድኃኒቱስ?»

«ግማሹን ጠጥቻለሁ። ዳኛው ከድንኳን እየተነሳ ሲሮጥ ይዋል? ዋጋነሽስ በባሏ ለቅሶ በእጇ ስትሰጠኝ ‹ተዪው፣ ካሜራ ልውጥ ነው› ልበላት?»

ዶክተሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ስመለስ ዶክተሩ አይስቅም። በሽምብራዎቹ መሃል ቀላ ያለ ነገር አይቷል። እብጠት ይሁን የንፍሮ ገለፈት መለየት አልተቻለም። ሌላ እንክብል የለም፤ ቢኖርም ናሙና የሚወሰደው በቱቦ ብቻ ነው አለ። አባዬስ? «አላልኳችሁም፣ ንፍሮ ነው!»

እማዬ፣ በግኛለሁ። በእሱም፣ በንፍሮውም፣ እውነቱን ልንገርሽና ባንቺም። እኔ ስናገር ልጅ ነኝ፤ ዶክተሩ ሲናገር የትናንት ጎረምሳ ነው። የሚሰማው ያንቺን ቃል ነው። በጸሎት አስቢው አልልሽም፤ ሳልነግርሽም ታደርጊዋለሽ። የቱቦው ቀጠሮ ኅዳር 26 ነው። እመምኔቷን አስፈቅጂና ከእትዬ የኔነሽ ጋር ነይ። ቆብሽን አውልቂ አላልኩም። ገብቶ እስኪታይ ድረስ ብቻ በሩ ላይ አብረሽኝ ቁሚ። ውጤቱን ብቻዬን መስማት አልችልም።

ያሳደገን አምላክ በደህና ያገናኘን፤ ጸሎትሽ አይለየን።

አባዬ እየጻፍኩ ሲያየኝ «ሰላም በያት፤ ደህና ነው በያት» አለኝ።

ሰላም ብሎሻል።

ልጅሽ ሳያት