ባሺ ካሶንዴን ያለፈቃድ ስለማገላበጣችን

ለተከበሩ የወረዳችን የማኅበራዊ አገልግሎት ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ወገብዎ እንዳይታመም፣ እንቅልፍዎ እንዳይጎድል፣ ከአልጋ የሚያነሳዎ ሰው የሚያስፈልግበት ቀንም ከደጅዎ እንዲርቅ ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ በምፓታ ሰፈር ሕሙማንን በየቤታቸው ስንረዳ የኖርን ሴቶች ሰብሳቢ ፌሊስተስ ምዌዋ ነኝ፤ ሰፈሩ ግን ባና ቾላ፣ የቾላ እናት፣ እያለ ነው የሚጠራኝ። ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ቢሮዎ በመጣሁበት ቀን ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው፤ ስብሰባው ስለ እኛ እንደሆነም ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድተውኛል።

አንደኛ፣ ስለሰጡን ዕረፍት አመሰግናለሁ። የመዳብ ማዕድኑ ሆስፒታል ከተዘጋ ወዲህ፣ የጉድጓዱ አቧራ ሳንባቸውን የጨረሰባቸውን ሽማግሌዎች ስናጥብ፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ስናገላብጥ፣ ቀጭን የበቆሎ ገንፎ ስናጎርስ፣ ከጤና ጣቢያው የሕመም ማስታገሻ እየተቀበልን ስናደርስ የኖርነው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነበርን። ባለፈው የዝናብ ወቅት ግን ከቢሮዎ የተላከው ወጣት ባለሙያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰብስቦን፣ «እናቶቼ፣ ደክማችኋል፤ አገልግሎቱ ስለዘመነ ሥራው ከእንግዲህ ፈቃድ ላለው ድርጅት ተሰጥቷል» አለን። ከእኛው አንዷ ባና ሙሶንዳ ተነሥታ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን የካሶንዴን አባት አስባ፣ «ማረፉንስ እናርፋለን ልጄ፤ ነገ ጠዋት ባሺ ካሶንዴን ማን ያገላብጣቸዋል?» ብትለው፣ «እሱ በአሠራሩ ውስጥ ተካትቷል» ሲል መለሰላት። እሷም ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «አሠራሩ የማን ልጅ ነው? የት ሰፈር ነው የሚኖረው?» አለችኝ። ያን ቀን ስቄ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መኪናው አመሰግናለሁ፤ ነጭና ንጹሕ ነው። ባሺ ካሶንዴ ቤት መጥቶ፣ ሁለት ትሑት ወጣቶች ወርደው፣ የተኙበትን አልጋ ፎቶ አንሥተው፣ ለቀሪው ክትትል ስልክ እንደሚደወል ለባለቤታቸው ለባና ካሶንዴ ነግረዋቸው ሄዱ። ባና ካሶንዴ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጃቸው ካሶንዴም ሩቅ አገር ማዕድን ውስጥ ነው። ስልኩ ሲደወል እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር። በስልኩ ጮክ ብላ የምትናገረው ሴት ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት እንደሚሆን ነበር የምትጠይቀው፤ ባና ካሶንዴም፣ «የእኔ እመቤት፣ ቁጥር አልፈለግሁም፤ ሰው ላኪልኝ» ይሏታል። ቁጥር ካልተነገረ ጥያቄው ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበርና ስልኩ ተዘጋ።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱን በጥንቃቄ ስላስጠበቁልን። የባሺ ካሶንዴ ማስታገሻ አልቆ ወደ ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ ለዓመታት በእጄ ስትሰጠኝ የኖረችው ነርስ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጠርሙሱን አሳየችኝና መልሳ ዘጋችው። «ባና ቾላ፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው ከሰጠሁ ከሥራ ያባርሩኛል፤ ልጆች አሉኝ» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። ፈቃድ ያላቸውን ልጆች እንድትጠራልኝ ለመንኳት፤ ደወለችላቸው፤ የእኛ ሰፈር ተራ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ ነገሯት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም።

ክቡር ሆይ፣ ትእዛዝዎን ጥሰናል። እኔ፣ ባና ሙሶንዳ እና ሌሎች ሁለት ሴቶች ውኃ አሙቀን፣ በዚያው ሌሊት በባሺ ካሶንዴ ጓሮ በኩል ገባን። አጠብናቸው፤ አገላበጥናቸው፤ ትራስ ደግፈን ቀና አደረግናቸው። ሕመሙን ግን የምንመልስበት ነገር በእጃችን አልነበረም። በድሮ ጊዜ የማዕድን ሠራተኞች አለቃ የነበሩ፣ ድምፃቸው እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ይሰማ ነበር የሚባልላቸው ሰው፣ ጎረቤት እንዳይረብሹ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሰው ያቃስቱ ነበር። ትንሽ ጋብ ሲልላቸው እጄን ይዘው፣ «ባና ቾላ፣ ከመሬት በታች ስሠራ አልፈራም ነበር። ገመዱን ብስብ ከላይ የሚሰማኝ ሰው ነበራ። አሁን ማን አለ?» አሉኝ። «እኛ አለን» አልኳቸው። «እናንተማ ከእኔ ጋር ታች ናችሁ» አሉኝ። ረፋዱ ላይ አረፉ።

መኪናው ከቀብሩ በኋላ መጣ። ለቅሶ ላይ የተቀመጥነውን አይተው ወጣቶቹ ደነገጡ፤ አንደኛዋ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ከባና ካሶንዴ እግር አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ባና ካሶንዴም ፊቷን በእጃቸው ዳስሰው፣ «አንቺ ነሽ ስልክ የምትደውይልኝ?» አሏት። «አይደለሁም እማማ፤ የምትደውለው ማሽን ናት» አለቻቸው። «እኔ ደግሞ ተቆጥታብኝ የዘጋችው መስሎኝ ነበር» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለቤታቸው መድኃኒት ያጡት እሳቸው ቁጥሩን ባለመናገራቸው እንደሆነ አምነው ነበር። አሁንም ሐሳባቸውን ማስለወጥ አልቻልንም። በዘመነው አገልግሎትዎ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ክፍል ካለ፣ እባክዎ አንድ ሰው በእግሩ መጥቶ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ይንገራቸው፤ እኛ ስንናገር ለማጽናናት ነው ይላሉ።

ላሳለፉት ውሳኔ ሁሉ የሚገባዎትን ያህል የማመሰግንዎ፣ ዕረፍት ቢያዙልኝም ጨርሶ ያላረፍኩ፣ አክባሪዎ

ፌሊስተስ ምዌዋ (ባና ቾላ)

ማሳሰቢያ፦ የማሻሻያው ምረቃ ላይ የማኅበራችንን ልብስ ለብሰን እንድንዘምር የላኩልን ጥሪ ደርሶናል። በዚያ ሰዓት ታመው የተኙትን የባና ሙሶንዳን ወንድም ስለምናጥብ አንገኝም። ሊያስቆሙን የሚመጡ ሰዎች ካሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይምጡ፤ ሰውየው ከባድ ናቸው፤ በእግራቸው በኩል የሚይዝልን ሰው ያንሰናል።