አፎት የሌለው ሽጉጥ

መካ፣ ሚስፈላ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለነስሪን አባት፣ ለውድ ባለቤቴ ለጀውሀር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አንተም ልጃችንም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እዚህ የሚሠራው የአገራችን ልጅ ሰይድ ለእረፍት ኮምቦልቻ ስለሚገባ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ባለፈው ነስሪን በላከችልኝ የድምፅ መልእክት፣ «እማ፣ አባ ሲያቅፈኝ ወገቡ ላይ ያለው ብረት ይቆረቁረኛል» አለችኝ። ወንድምህ ሸምሰዲን ከገበያ ሲመለስ ከታገተ ወዲህ ሽጉጥ መያዝህን አውቃለሁ፤ ፈቃድ እንዳወጣህበትም ነግረኸኛል። እህል ጭኖ በዚያ መንገድ ለሚመላለስ ሰው አትያዝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን ሰው እንዳያየው ብለህ ያለ አፎት፣ እንዲሁ ሱሪህ ውስጥ ሻጥ አድርገኸው ትሄዳለህ። የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ የአሠሪዬ የማዳሜ ወንድም ሀሺም ዓርብ ዓርብ ለምሳ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እንዳንተ ከቀሚሱ ሥር፣ በሱሪው ላስቲክ ሽጉጥ ሻጥ ያደርጋል። ከሦስት ሳምንት በፊት የእህቱን ልጅ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ተንሸራተተበት። እንዳይወድቅ ብሎ በጨርቁ ላይ አፈፍ ሲያደርገው ባረቀ። ልጁን አላገኘውም። ሩዝ ይዛ የገባችውን ሠራተኛ ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ መታት። ትሪው ከእጄ ወደቀ፤ ጫማዬን ደም ሞላው።

ሠራተኛዋ ብዬ ላልፈው ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እኔ ነኝ፣ ጀውሀር። ጥይቱን አውጥተውልኛል፤ ቁስሉም እየደረቀ ነው።

ሆስፒታል ያደረሰኝ የቤቱ ሾፌር አብዱልከሪም ነው፤ የከሚሴ ሰው፣ አገር ቤት ወታደር የነበረ። ራሴን እንዳልስት መንገዱን ሙሉ ሲያወራኝ ነበር።

«ሽጉጥ ሲወድቅ ይውደቅ ነው የሚባለው» አለኝ። «ሊይዘው የሄደ ጣት የሚያገኘው ምላጩን ነው። ምላጩን የሚሸፍን አፎት ቢኖረው፣ ጥይትም ባያጎርሰው፣ አንቺ ዛሬ ሩዝሽን አቅርበሽ በተመለስሽ።»

ስለዚህ እለምንሃለሁ። ለሽጉጥህ ልክ የሆነ፣ ምላጩን ድፍን አድርጎ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ፈልግ፤ ከወፍራም ቀበቶ ጋር እሰረው። ጥይት አጉርሰህ አትሂድ። ቤት ስትገባ ልጅቷን ከማቀፍህ በፊት ፍታው፤ ጥይቱን አውጣና ሁለቱን ለየብቻ ቆልፍባቸው። እስከዚያው ግን ወገብህ ላይ አይዋል።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ። ማዳሜ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ረውዳ፣ ከውጭ በመስኮት የገባ ጥይት ነው በይ። ኢቃማሽን እናድስልሻለን» አለችኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ነው የቀረው። ፈራሁ፤ ለፖሊሱም እንዳለችኝ ተናገርኩ። ከዚያ እስክትድኚ ብላ እዚህ መካ ላከችኝ። ሰው እንዳያየኝ ይመስለኛል። ያረፍኩት ከከሪማ ዘንድ ነው፤ ሆቴል ነው የምታጸዳው፤ የሐይቅ ልጅ ናት፣ እንደ እህት ይዛኛለች። ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም፣ ቅርቤ ነው። በግንባሬ ተደፍቼ ሱጁድ ማድረግ ግን ስለማልችል ወንበር ላይ ሆኜ እሰግዳለሁ። ዱዓ ላደርግ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ያ ውሸት ፊቴ ይቆማል።

ትናንት አብዱልከሪም ደወለልኝ። ሀሺም ዓርብ ለምሳ መጥቶ ነበር አለ። ሽጉጡም እንደ ድሮው ሱሪው ውስጥ ነው፤ ልጁንም እንደ ድሮው ያነሣዋል።

«ምንም አልተማረም?» አልኩት።

«ምን ያስተምረዋል፣ በመስኮት የገባ ጥይት ነው ተብሎ» አለኝ።

ሌሊቱን ይህ ቃል ሲበላኝ አደረ። ረቡዕ ፖሊሱ ደግሞ ይጠይቀኛል። እውነቱን እነግረዋለሁ። በስሙ ያስመጣኝ ከፊሌ፣ የማዳሜ ባል፣ ኻላስ፣ በቃ ብሎ ወደ አገሬ ሊሰደኝ ይችላል። ሳትቆጣኝ እንድትረዳኝ ነው የምፈልገው።

አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ መንገድህንም ሰላም ያድርገው። ከሰደዱኝ ነስሪንን ይዘሃት ኤርፖርት ና። እማ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፣ ሮጠሽ አትጠምጠሚባት ብለህ አስቀድመህ ንገራት።

የምትወድህ፣
ረውዳ